አረንጓዴ ሻይ ወይስ ጥቁር? ጀማሪ በየትኛው ይጀምር

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቡና ጨጓራዬን እያስቸገረኝ ስለሆነ ወደ ሻይ ልዞር ነው። አረንጓዴ ሻይ ያከሳል፣ ካፌይን የለውም፣ ጥቁሩ ግን ኬሚካል አለበት ሲሉኝ አንድ ፓኮ አረንጓዴ ገዛሁ። እንደ ወትሮው ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፈላሁት። ቀለሙ አልወጣ ሲለኝ ቅጠል ጨመርኩበት። ሬት ሆነብኝ። ትንሽ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የአይረን ኪኒን እየወሰድኩ ነው፤ ጾምም እጾማለሁ። አረንጓዴውን ልልመደው ወይስ በጥቁሩ ልጀምር?»

ምላሽ፦ በጥቁሩ ይጀምሩ። አረንጓዴው ስለማይረባ አይደለም። የለመዱት አፈላል፣ ቤትዎ ያለው ዕቃና የሚኖሩበት ከተማ ለጥቁሩ ስለሚመቹ ነው። አረንጓዴው ሌላ አያያዝ ይፈልጋል፤ እሱም ይደረስበታል። ከጥያቄዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በጨረፍታ ያነሱት የደም ማነስ ነው። እዚያ ላይ የሻዩ ቀለም ብዙም ለውጥ አያመጣም። ወሳኙ የሚጠጡበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ «ኬሚካል» የሚባለውን እናጥራ። አረንጓዴና ጥቁር ሻይ ሁለት የተለያዩ ተክሎች አይደሉም። ሁለቱም የሚመጡት ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባለው አንድ ተክል ነው። ካፋ ውሽውሽ ወይም ኢሉባቦር ጉማሮ ካለ እርሻ የተቀጠፈ አንድ እፍኝ ቅጠል፣ እንደ አያያዙ አረንጓዴም ጥቁርም ሊሆን ይችላል። ጥቁር እንዲሆን ከተፈለገ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓታት እንዲጠወልግ ይተዋል። ከዚያ ይታሻል ወይም በማሽን ይቀጠቀጣል። ጭማቂው ወጥቶ አየር ሲያገኘው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም፣ ለውጡን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር፣ ሥራውን ይጀምራል። አረንጓዴው ወደ መዳብ ቀለም፣ ቀጥሎም ወደ ቡናማ ይሄዳል። የሣር ሽታው ይጠፋና የፍራፍሬ ሽታ ይመጣል። በመጨረሻ በትኩስ አየር ይደርቃል። ጥቁረቱ የመጣው ከራሱ ከቅጠሉ ነው፤ ማንም ቀለም አልጨመረበትም።

አረንጓዴው ላይ ይህ ሁሉ እንዳይጀመር ቅጠሉ ቶሎ ሙቀት እንዲያገኘው ይደረጋል። ቻይናዎች አብዛኛውን ጊዜ በብረት ምጣድ ያምሱታል። ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቃል። ካቴኪን የሚባሉት ውህዶችም ሳይነኩ ይቀራሉ። ጥቁሩ ላይ እነዚሁ ካቴኪኖች ተያይዘው ሌላ ዓይነት ውህድ ይሆናሉ፤ ያ ቀይ ቀለምና ያ ጠንከር ያለ ጣዕም የእነሱ ሥራ ነው። ከመነሻው ጥሬ ዕቃው አንድ ነው። አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው መርዝ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ገበያ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ «አረንጓዴ ሻይ» እየተባለ ሲሸጥ አያለሁ። የሽፈራው ቅጠል አረንጓዴ ሻይ አይደለም። ጦስኝም አይደለም። ሁለቱም በሙቅ ውሃ ይጠጣሉ፤ ጦስኝማ እኔም እወደዋለሁ። ግን ካፌይን የላቸውም፣ ጣዕማቸውም ሌላ ነው። የገዙትን ፓኮ ጀርባውን ያንብቡ። «የሻይ ቅጠል» የሚል ከሌለበት የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

አረንጓዴ ሻይ ካፌይን የለውም የሚለው ስህተት ነው። በ240 ሚሊ ሊትር ኩባያ ሲለካ፣ ጥቁር ሻይ 47 ሚሊ ግራም ገደማ፣ አረንጓዴው 28 ገደማ፣ በማጥለያ የተጠለለ ቡና ደግሞ 95 ገደማ ካፌይን ይይዛል። እነዚህ አማካይ ቁጥሮች ናቸው። ካፌይኑን የሚወስነው የቅጠሉ ብዛት፣ የውሃው ሙቀትና የቆየበት ደቂቃ ነው። ቀለም ፍለጋ ቅጠል ጨምረው ያፈሉት ያ አረንጓዴ ሻይ ቀለል ካለ ጥቁር ሻይ የበለጠ ካፌይን ሳይኖረው አይቀርም። ቡናን በአንድ ጊዜ ካቆሙ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊይዝዎት ይችላል። እየቀነሱ ይሂዱ።

ጨጓራዎን በተመለከተ ሻይ ከቡና ቀለል ሊል ይችላል፤ መድኃኒት ግን አይሆንም። በባዶ ሆድ ከተጠጣ ጥቁሩም አረንጓዴውም ሊያስቸግሩ ይችላሉ። አረንጓዴው በተለይ ብዙ ሰው ላይ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቃጠሎው ከቀጠለ ሻይ መቀያየሩን ትተው ይመርመሩ።

«ያከሳል» የሚለውን ደግሞ ባጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ በአረንጓዴ ሻይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። በሻዩ ምክንያት የመጣው የክብደት ቅነሳ በጣም ትንሽ ነው፤ ለውጥ አመጣ የሚያሰኝ አይደለም። ክብደት ላይ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ስኳሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ እያደረጉ በቀን ሦስት ብርጭቆ ከጠጡ 36 ግራም ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ያውም ከሌላ ምግብና ለስላሳ የሚመጣው ተጨምሮ ነው። ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ ካወረዱት፣ ጥቁርም ይጠጡ አረንጓዴ፣ ትርፉ ያው ነው። የማክሻ ተብለው የሚሸጡ የአረንጓዴ ሻይ እንክብሎችን ግን አይንኩ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ከዋናው ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መልክ የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት ምልክት ታይቷል። በብርጭቆ የሚጠጣ ሻይና የተጨመቀ እንክብል አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ደም ማነሱ። ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች፣ በተለምዶ ታኒን የምንላቸው፣ ከምግብ የሚገኘውን አይረን ይይዙታል። የተያዘ አይረን ወደ ደም አይገባም፤ እንደመጣ ይወጣል። ይህ የሚሆነው በተለይ ከእህልና ከአትክልት በሚመጣው አይረን ላይ ነው። የሥጋ አይረን በሻይ ያን ያህል አይነካም። ጾም ላይ ሲሆኑ ደግሞ አይረንዎ በሙሉ የሚመጣው ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ነው። ሽሮ በልቶ ወዲያው ሻይ ፉት ማለት ከዚያ ሽሮ የሚገኘውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። አረንጓዴው ከዚህ ነፃ ነው የሚል ካለ አይቀበሉት። እሱም ይይዛል። ወተት መጨመርም አያስቀረውም።

ሎሚስ ቢሉ፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ አይረን እንዲገባ ያግዛል። ሁለት ጠብታ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይን አትመክትም። ቀለሙ ላይ የምታሳየው ለውጥ ታዲያ ያታልላል። ጥቁር ሻይ ላይ ሎሚ ሲጨምቁ ጥቁር ቀዩ ወዲያው ወደ ወርቃማ ይገረጣል፤ ሻዩ የቀጠነ ይመስላል። አልቀጠነም። አሲዱ ቀለሙን ነው የቀየረው፤ ታኒኑ እዚያው አለ።

መፍትሔው ሻይ መተው አይደለም። ማራራቅ ነው። ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ከአይረን ኪኒኑ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ይበልጥ ይራቅ፤ ኪኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፣ ሻዩን ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ። በተግባር ሲታይ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ሌላ ብርጭቆ ማለት ነው። ቁርስ ላይ ሻይ በዳቦ የሚለው ልማድ ለእርስዎ ለጊዜው ይቅር። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት በሚጾሙበት ጊዜም ጾሙን በሻይ አይፍቱት። ባዶ ሆድ ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው ምግብም የጾም ምግብ ነው። መጀመሪያ ይብሉ። ሻዩ ይቆይዎታል።

ወደ ጣዕሙ ስንመጣ፣ ያ ሬት የሆነው ሻይ ጥፋቱ የቅጠሉ አይመስለኝም። አረንጓዴ ሻይ ከፈላ ውሃ ጋር አይስማማም። በ70 እና በ80 ዲግሪ መካከል ያለ ውሃ ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ የሚመሩትና አፍ የሚያጨማድዱት ውህዶች ይጎርፋሉ፤ ለስለስ ያለው ጣዕም ይዋጣል። እርስዎ ደግሞ እሳት ላይ ጥደው አፈሉት። ቀለሙ አልወጣም ብለው ቅጠል ጨመሩበት። አረንጓዴ ሻይ ቀይ አይሆንም። በደንብ የተዘጋጀ አረንጓዴ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ የብርጭቆው ታች ወለል ብሎ ይታያል። ወደ ቡናማ ካደላ ወይ ተቃጥሏል ወይ ቅጠሉ አርጅቷል። ቀለም ማሳደድ የለመድነው ከጥቁሩ ነው።

እዚህ ላይ የከተማዎ ከፍታም ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። ድሬዳዋ 96 ገደማ ይደርሳል። ባሕር ዳር ያለችው ዱባይ ላይ 100 ይሞላል። ፓኮው ላይ «በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ» ተብሎ የሚጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ታስቦ ነው። ጥቁር ሻይ ደግሞ ሙቀት ይወዳል፤ በ92 ዲግሪ ሦስት ደቂቃ ብቻ ከቆየ ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ወደ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ያድርሱት። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ አለቅልቀው ያሙቁት፤ ሻዩንም ይክደኑት። እኛ ቤት ቅጠሉን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሮ ዝግ ባለ እሳት ላይ ትንሽ ማቆየት የተለመደ ነው። ለጥቁር ሻይ በዚህ ከፍታ ይህ ያስኬዳል። ሃያ ደቂቃ ማንተክተክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሻይ ሳይሆን ቀለም ነው የሚያወጣው።

ጥቁሩን እንዲህ ይሥሩት። ለአንድ ብርጭቆ፣ ለ200 ሚሊ ሊትር ያህል፣ 2 ግራም ቅጠል ይበቃል። ደቃቅ ከሆነ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የኛ አገር የፓኮ ሻይ አብዛኛው ደቃቅ ነው፤ ቶሎ ይወጣል፣ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ለጀማሪ ከውጭ የመጣ ውድ ሻይ አያስፈልግም። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ቅመም አይጨምሩበት። ቀረፋና ቅርንፉድ ጎበዝ ናቸው፤ መጥፎ ሻይንም ይሸፍናሉ፣ ጥሩ ሻይንም ይሸፍናሉ። የሻዩን የራሱን ጣዕም ከለዩ በኋላ ይመልሷቸው። ባለ ክር ከረጢቱን ከመረጡ ውስጡ ያለው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲያወጡት አይጭመቁት፤ የሚጎመዝዘው እዚያ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።

ከኢንተርኔት ላይ «ባለሙያዎች እንዲህ ነው የሚያፈሉት» የሚል መመሪያ ካገኙም ይጠንቀቁ። ለሻይ ቅምሻ የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፦ 2 ግራም ቅጠል ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ለ6 ደቂቃ። እኛ ቀማሾች በማንኪያ እያነሳን ድምፅ እያሰማን ፉት የምንለው ያ ሻይ ለመጠጥ የተሠራ አይደለም። ጉድለቱ እንዲጋለጥ ሆን ተብሎ የከረረ ነው። ቀምሰን እንተፋዋለን።

አረንጓዴውን ለመሞከር ደግሞ ቴርሞሜትር አያስፈልግዎትም። ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ላይ አንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ቀዝቃዛው ቀድሞ የፈላ ወይም የታሸገ ንጹሕ ውሃ ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ይህ 74 ዲግሪ ገደማ ይሰጥዎታል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ባሕር ወለል ላይ ያለ ሰው ቀዝቃዛውን ትንሽ ከፍ ያድርግ። ቅጠሉን ጨምረው ሁለት ደቂቃ ያቆዩና በማጥለያ ያውጡት። ቅጠሉን አይጣሉት። ጥሩ አረንጓዴ ሻይ እንደ ቡናችን አቦል፣ ቶናና በረካ አለው፤ ሁለተኛውን ትንሽ ሞቅ ባለ ውሃ ይሥሩት፣ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይጥማል። ማጣፈጫ ካስፈለገ ናና ይግባበት። ሞሮኮዎች ድብልብል ያለውን የቻይና አረንጓዴ ሻይ በናና ነው የሚጠጡት፤ ስኳሩን ግን ከእነሱ አይማሩ። ወተት አይሆንም።

ሲገዙ የታሸገበትን ቀን ይዩ። ጥቁር ሻይ በደንብ ከተከደነ ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል። አረንጓዴው ግን ቶሎ ይደክማል፤ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል። ቅጠሉ ቢጫ ቡናማ ከሆነ፣ ሲያሸቱትም ጭድ ጭድ ካለ ይተዉት። ሻይ ሽታ ይስባል። በርበሬና ኮረሪማ ካለበት መደርደሪያ አርቀው፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ቆርቆሮ ያስቀምጡት። አሁን የከፈቱትንም ፓኮ እንዲሁ ያድርጉ፤ ሳይበላሽ ሊደርስልዎ ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ይበልጥ የሚመለከተው አንዳንድ ሰዎችን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመሆን ካሰቡ፣ በቀን ከሁሉም ምንጭ የሚገባው ካፌይን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ሻይ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የሚያቃጥል ሻይ መጠጣትም ለማንም አይመከርም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም ከሚላቸው ተርታ አስቀምጦታል። ነገሩ ሙቀቱ ነው፣ ሻዩ አይደለም። ትንሽ ይብረድልዎ።

በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ፣ በወንጂና በሐዋሳ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ውሃና አፈር ውስጥ የሚገኘውን ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አስቡ። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ነው። የሻይ ተክልም ከአፈር ፍሎራይድ እየሳበ ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል፤ ያረጀ ቅጠል ላይ ደግሞ ይብሳል። ሁለቱ ሲደመሩ የልጆችን ጥርስ ያበላሻሉ። በእንዲህ ዓይነት ውሃ የተፈላ ሻይ ለሕፃናት አይሰጥ። ማፍላት ፍሎራይድ አያስወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይከማቻል።

ለእርስዎ እንግዲህ፣ አሁን ጥቁሩን በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ከምግብም ከኪኒንም አርቀው ይያዙት። ያለ ቅመም ጣዕሙ ሲገባዎት አረንጓዴውን ቀዝቃዛ በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ይሞክሩት። አንድ ሁለት ቀን ብቻ ቀምሰው አይፍረዱ፤ ከቡና የመጣ ምላስ ቀጭን ጣዕም ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። ከዚያም በኋላ ሣር ሣር ካለዎት ግን ይተዉት። ይጠቅማል ስለተባለ ብቻ የማይወዱትን መጠጥ መታገል አያስፈልግም። የደም ምርመራዎን ሲደግሙ ደግሞ ሻይ የሚጠጡበትን ሰዓት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቁጥሩ አልጨምር ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።